የኃይለጊዮርጊስ ቦይለሮች

በየነች አማን ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ታናሽ እህቷን ንጋቷን ያሳደገችውና ያስተማረችው በእግር በምትዘወር የልብስ መኪና ነው። ዕድሜዋ ገፋ ሲል ወገቧን ብርድ እየያዘ አስቸገራት፤ በ1999 ዓ.ም. ክረምት ለገላዋ ሙቅ ውሃ እንዲኖራት ብላ ቦይለር አስገባች። የገጠመላት ሚዛን ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያለው ኃይለጊዮርጊስ ነው። በዚያን ጊዜ በሚዛንና በአማን ከእሱ እጅ ያላለፈ ቦይለር አልነበረም ማለት ይቻላል።

በስድስተኛው ወር በየነች ገላዋን ልትታጠብ ቧንቧውን ስትጨብጥ ኤሌክትሪክ ያዛት። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ፣ ቆጣሪው ጋ ሮጦ እስኪያጠፋ ድረስ እጇ ከብረቱ አልለቀቀም። ነፍሷ ተረፈች። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ግን ተቃጥለው ተጣጠፉ፤ ከዚያ ወዲህ መርፌ ጨብጣ አታውቅም።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። በየነች ካሳ አልጠየቀችም፤ "ጥፋቱ የእኔ ነው" እንዲላት ብቻ ነበር የፈለገችው። ቦይለሩን የፈተሸ ባለሙያ፣ አደጋ ሲመጣ ኤሌክትሪኩን መሬት ውስጥ የሚያሰርገው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ጨርሶ አልታሰረም ብሎ ነበር። ኃይለጊዮርጊስ ተነስቶ ቆመ።

"እዚህ አገር ማነው የመሬት ሽቦ የሚያስረው? እኔም ቤት የለም! ልጆቼ የሚታጠቡት በዚሁ ዓይነት ነው። በእርጥብ እጇ ማብሪያ ነክታ እኔ ላይ ታላክካለች? በልጆቼ እምላለሁ!"

በልጆቹ ከማለ በኋላ ማን ምን ይላል? ሽማግሌዎቹ "በይ ይቅር በይው" አሏት፤ በየነችም ይቅር አለች። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችው ንጋቷ በሩ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። እሷ ይቅር አላለችም።

ነርስ እሆናለሁ ትል የነበረችው ልጅ ኤሌክትሪክ ተማረች። ጅማ ተቀጥራ ሠራች፣ እጇን ፈታች። በ2005 ዓ.ም. ሚዛን ተመልሳ ከኃይለጊዮርጊስ ሱቅ ፊት ለፊት ጠባብ ክፍል ተከራየችና "ኤሌክትሪክ ቆጣቢ የውሃ ማሞቂያ" የሚል ሰሌዳ ሰቀለች።

የኃይለጊዮርጊስ ቦይለሮች ቀኑን ሙሉ መብራት ሲግጡ ይውላሉ፤ እነሱ ሲበሩ የቤቱ አምፖል ይደበዝዛል። ንጋቷ የምትገጥመው ግን ጠዋት ትንሽ ሠርቶ ራሱ ይጠፋል፤ ጋኑ ሙቀት በማያስወጣ ወፍራም ሽፋን ስለተሸፈነ ውሃው እስከ ማታ ሞቆ ይቆያል። ሰው መጀመሪያ "ሴት ልጅ ምን ታውቃለች" ብሎ ሳቀ። ቆይቶ ግን የቀየረው ላልቀየረው እየነገረ ጥሪ በዛላት። አሮጌዎቹን በነቀለች ቁጥር ክዳናቸውን ከፍታ ታያለች። የአንዱም የመሬት ሽቦ አልታሰረም። ለጊዜው ለማንም አልነገረችም። ከፍታ ልታይ የምትፈልገው ሌላ ነበር።

ዕድሉም በመስከረም መጣላት። ኃይለጊዮርጊስ ለሥራ ቦንጋ በሄደ ቀን ሚስቱ ማሚት ነጠላዋን ተከናንባ ንጋቷ ሱቅ ገባች።

"ንጋቷ፣ የእኛንም ቀይሪልን። ብነግረው ብነግረው እምቢ አለኝ። መብራቱ ጨረሰን።"

ንጋቷ መሰላሏን ይዛ ሄደች። የቦይለሩን ክዳን ፈታች። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ እዚያው ነበር፤ በቡሎን ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ግድግዳውን በስቶ ወጥቶ፣ ደጅ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ተያይዟል። ንጹሕ ሥራ ነው። መሰላሉ ላይ እንደቆመች ወደ ማሚት ዞረች።

"እትዬ ማሚት፣ ይሄ መቼ ገባ?"

"ትልቁ ልጄ ሲወለድ። ዘጠና አራት ላይ።"

አዲሱን ሰቅላ የመሬት ሽቦው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ባላስረውስ? ማን ያውቃል? ይህን አሰበች፤ አስባም ጣፈጣት። ሚስማሩ ላይ የልጆች ፎጣ ተሰቅሏል። ጥርሷን ነክሳ አሰረችው፤ አንዴ አስራም ደግማ አጠበቀችው። ከዚያ ማሚትን ጠርታ አሮጌውን አሳየቻት፣ ሽቦው ምን እንደሆነም ነገረቻት። ማሚት ባሏ ያኔ ሽማግሌ ፊት የማለውን መሐላ አልረሳችም።

"በልጆቼ ነው የማለው?" አለችና እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ኃይለጊዮርጊስ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

"ቤቴ ማን አስገባሽ?"

ንጋቷ እስከዚያ ቀን "ጋሼ፣ እርስዎ" ነበር የምትለው። "ሚስትህ" አለችው። "ሽቦህን አይቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹን ሰብስብና የማልከው ውሸት እንደነበረ ተናገር።"

"ስሜስ? እኔ እኮ ደንበኛ ያለኝ ሰው ነኝ!"

"እንግዲያው ዕቃህን እመልስልሃለሁ።"

ከቤቱ የነቀለችውን ቦይለር ባጃጅ ላይ ጭና ሱቁ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ሆዱ ላይ በጠመኔ "የኃይለጊዮርጊስ ቤት፣ የመሬት ሽቦው የታሰረ" ብላ ጻፈች። በማግሥቱ ከነቀለቻቸው አሮጌዎች ሌላ አመጣች፤ "የመምህር ታፈሰ ቤት፣ ያልታሰረ።" ቀጥሎ "የሐፍሳ ቤት፣ ያልታሰረ።" እሱ ወደ ጓሮ ቢያስወስድ እሷ ሌላ ታመጣለች። በገበያ ቀን ሰው ቆሞ ያነብ ጀመር፤ ማንበብ የማይችል ያስነብባል። ያነበበ ወደ ቤቱ ሮጦ ቦይለሩን ያጠፋና ንጋቷን ይጠራል። በኅዳር ወር ቦይለሮቹ ሃያ ሰባት ደረሱ። ሱቁ ደንበኛ አይገባበትም፤ ኃይለጊዮርጊስ ከዕቃዎቹ መሃል ብቻውን ተቀምጦ ይውላል። ንጋቷ ከማዶ ሆና ታየዋለች፤ ምሳዋን እንኳ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ነበር የምትበላው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኃይለጊዮርጊስ ያኔ የነበሩትን ሽማግሌዎች አስከትሎ በየነች ቤት መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

"ዋሽቻለሁ" አለ። "የራሴን አስሬ ነበር። የሌላውን ለመፍጠን ብዬ ተውኩት። በልጆቼ የማልኩትም በውሸት ነው።"

በየነች ብዙ አለቀሰች። "እኔ ፊትም ይቅር ብዬሃለሁ፣ አሁንም ብያለሁ" አለችው። ሽማግሌዎቹ ወደ ንጋቷ ዞሩ።

"አንቺስ ልጃችን? በቃሽ?"

"አልበቃኝም።"

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ በየነች ተቆጣቻት። "ያልሽውን አደረገልሽ። አሁን ምን ቀረሽ?"

"ጣቶችሽ" አለች ንጋቷ።

የገና በዓል ሳይደርስ ኃይለጊዮርጊስ ሱቁን ዘግቶ ቴፒ ሄደ። ማሚትና ልጆቹ አልተከተሉትም። በየካቲት አንድ ሾፌር፣ ሰውየው ቴፒ ላይ አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ ቦይለር መግጠም እንደጀመረ አወራ። ንጋቷ ይህን ሰማች። ሰኞ ጠዋት መሰላሏን ሚኒባሱ ላይ አሳስራ፣ የመፍቻ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቴፒ የሚሄደው መኪና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች።

በየነች መናኸሪያው በር ላይ ቆማ በስሟ ጠራቻት። ንጋቷ ሰምታታለች፤ ግን መስኮቱን ዘጋችው።