ክረምት ሲገባ

ለአንድ ዓመት ትምህርት ቶሮንቶ ስመጣ ያረፍኩት ስካርቦሮ፣ አክስቴ ሰፊያ ቤት ነው። ኪራይ አልጠየቁኝም።

«ክረምት ሲገባ አካፋ ትይዣለሽ፤ ሌላ ሥራ የለብሽም» አሉኝ።

ወላሂ ብዬ ቃል ገባሁ።

ቅጠሉ ሲቀላ በየፓርኩ ስዞር ከረምኩ። ታኅሣሥ ላይ በረዶው ደጁን ሲዘጋው አክስቴ አካፋውን አቀበሉኝ።

«ታኅሣሥ እኮ በጋ ነው!» አልኳቸው። «ክረምት የሚገባው ሰኔ ነው። ካላመኑኝ አገር ቤት ደውለው ይጠይቁ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ኦኬ» ብቻ አሉና ጓንታቸውን አጥልቀው ወጡ። እኔም በረዶ ላይ መንሸራተት ልማር ሄድኩ። ወሩን ሙሉ በቂጤ ወደቅኩ እንጂ አንድ ቀን አካፋ አልነካሁም። ሚያዝያ ላይ ያበበ ዛፍ ሥር ፎቶ ስነሳ በብልጠቴ ኮርቼ ነበር።

ሰኔ ገባ። ሐይቁ ላይ በጀልባ ልሸራሸር ጫማዬን ሳስር አንድ ገልባጭ መኪና መጥቶ በራችን ላይ የአፈር ተራራ ዘረገፈ። አክስቴ ለጓሯቸው ያዘዙት ነው። አካፋውን ይዘው ፈገግ ብለው ቆመዋል።

«ያስሚንዬ፣ እንኳን ለክረምቱ አደረሰሽ!»