የሊና ክንድና የቢረሳው ጠመንጃ

የዚያን እሑድ በዐሥር ሰዓት እዚህ ዐረብ አገር ዶራ ከሚባለው ሰፈር ስልክ ቤት ወደ አገር ቤት መደወል ነበረብኝ። ልጄ ቢረሳው ደብረ ማርቆስ፣ ጎረቤታችን እትዬ መንበረ ቤት ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። በማግሥቱ ሰኞ ጠዋት ከዘማቾች ጋር መኪና ላይ ሊወጣ ነው። ባድመ ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሰፈራችን ጎረምሳ ሁሉ ልቡ ተነሥቷል፤ የእኔውም ዐሥራ ሰባት ዓመቱን ዐሥራ ስምንት ብሎ ተመዝግቦ አርፏል። ይህንን የነገረኝ ወንድሜ ሐብታሙ ነው፣ ባለፈው እሑድ። "እትዬ፣ ብመክረው ብገሥጸው አልሰማ አለኝ። እናቴ ሳትመርቀኝ ግን አልሄድም ብሏል" አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ወለል ሳጥብም ሸሚዝ ስተኩስም ይህችኑ ሳላምጥ ከረምኩ። ብመርቀው ልጄን ወደ ሞት የላክሁት እኔ ነኝ። ካልመረቅሁት ሊቀር ይችላል፤ ወይም የጎረምሳ ነገር ነውና አኩርፎ ሳይመረቅ ይሄዳል። ያለ እናት ምርቃት ጦር ሜዳ የወረደ ልጅ ምን እንደሚያገኘው አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ደክሞኝ ነበር። ያን ሰሞን ከእንቅልፌ ስነሣ ራሱ ደክሞኝ ነው የምነሣው።

ሚስተር ኤሚል ደግሞ ለልጁ ጠመንጃ የሚገዛበትን ቀን፣ ከቀን ሁሉ መርጦ፣ ያንኑ እሑድ አደረገው።

ሚስተር ኤሚል ሲን ኤል ፊል በሚባል ሰፈር የማገለግልበት ቤት አባወራ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይጮኻል እንጂ እጁን አያነሣም። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፣ ሊና፣ ዐሥር ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። እሱ በእሷ ዕድሜ አባቱ ትንሽ ጠመንጃ ገዝቶለት፣ ተራራ ላይ ባለው መንደራቸው ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ደርድሮ ሲመታ ነው ያደገው። ከዚያ የእነሱም ጦርነት መጣ፣ ጠመንጃውም የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። "አሁን ሰላም ነው" ይላል፤ "ያኒ፣ ማለቴ፣ ጠመንጃ ለቆርቆሮ ብቻ የሚሆንበት ዘመን ነው። ልጄም የአያቷን ነገር ትወቅ።" ወንድ ልጅ ስለሌለው ወንድሞቹ ያሾፉበታል፤ እሱ ግን እሷን ከወንድ አያሳንሳትም። ማዳሜ ነገሩን ስትሰማ ራሷን አሟት ተኛች። ማዳሜን ሲከፋት ሁልጊዜ የሚያማት ራሷን ነው።

"አበባ፣ አብረሻቸው ሂጂ" አለችኝ ከአልጋዋ ሆና። እናት አባቴ ያወጡልኝ ስም አበባየሁ ነው፤ ለእነሱ ግን ረዘመባቸው። "ሊና ያላንቺ አልሄድም ብላለች። ጣቷን የትም እንዳታስገባ ጠብቂልኝ።"

"ማዳም፣ ዛሬ እኮ እረፍቴ ነው።"

"አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ኸላስ፣ በቃ።"

የእነሱ አንድ ሰዓት እንደ ላስቲክ ነው፤ ሲስቡት ይመሻል። ስልክ ልደውል ነው ብዬ መለመን እችል ነበር፣ ግን ለማን ብትለኝ መልስ የለኝም። ከአገሬ ስወጣ ደላላው "ልጅ ያላትን ሴት አይወስዱም፣ የለኝም በይ" ብሎኝ የለኝም ብዬ ነው የመጣሁት። እነሆ አራት ዓመት በዚህ ቤት ልጅ የሌላት ሴት ነኝ። ጫማዬን አደረግሁ።

ሱቁ ቡርጅ ሐሙድ የሚባል ሰፈር ነው። እሑድ ዝግ ነው፤ ባለቤቱ ክሪኮር የሚባሉ አርመናዊ ሽማግሌ ግን የሚስተርን አባት ያውቁ ስለነበር፣ ከፎቅ ካለው ቤታቸው በነጠላ ጫማ ወርደው ከፈቱልን። እኔ በመጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው። ገና ጊዜ ነበረኝ።

ሚስተር በቀጥታ ወደ ረጅሙ ሄደ። ሰደፉ የሚያብረቀርቅ ጥቁር እንጨት፣ ዐሥር ጥይት የሚጎርስ። "ይኸ ነው ጠመንጃ ማለት!" አለ። ክሪኮር ከጥግ አንድ አጭር አምጥተው አጠገቡ አጋደሙት፤ ሰደፉ የተጫጫረ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። የሁለቱም ጥይት አንድ ነው፣ ከትንሿ ጣቴ ግማሽ የማትበልጥ። አባቴ ምንሽር ነበረው፤ የእሱን ጥይት ለማውቀው ለእኔ ይቺ የጥይት ጫጩት መሰለችኝ።

"አንዴ ትተኩሳለች" አሉ ክሪኮር አጭሩን እየነካኩ። "ከዚያ ከፍታ፣ ቀለሁን አውጥታ፣ ሌላ ታጎርሳለች። በዚህ መሐል ታስባለች። ለጀማሪ ልጅ ትልቁ ነገር የማሰቢያ ጊዜ ነው።"

"ክሪኮር፣ ይኸ እኮ መጫወቻ ነው! በሁለት ዓመት ያንሳታል።"

እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ አፌን ከፈትኩ። ቶሎ ተገዝቶ እንድንሄድ ነው የፈለግሁት። "ትልቁ ይሻላል ሚስተር፣ ታድግበታለች" አልኩ። እኛ አገር ለልጅ የሚገዛ ነገር በልክ አይገዛም። እጅጌው ይታጠፋል፣ ጫማው ጫፍ ላይ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ ልጁም ቀስ እያለ ይደርስበታል። ሚስተር በደስታ አጨበጨበ። "ይኸው! አበባ እንኳ ገብቷታል!"

ክሪኮር ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ልጄ፣ ጫማ ቢሰፋት ትደናቀፋለች፣ ተነሥታ ትሄዳለች" አሉኝ። "ይኸ ሲሰፋ ግን አፈሙዙ ወዴት እንደሚዞር የሚያውቅ የለም።" አፈርኩ። የጠመንጃ ቤት ልጅ ሆኜ እንዲህ ማለቴ ለራሴም ገረመኝ፤ የቸኮለ ሰው ግን ምን የማይለው አለ።

ሊናን ጠሯትና ክንዷን አጠፉላት። የረጅሙን ሰደፍ ጫፍ ከክንዷ መታጠፊያ ላይ አስደግፈው "ጣትሽን ወደ ቃታው ዘርጊ" አሏት። ዘረጋች፣ ጣቷ ሳይደርስ ቀረ። በአጭሩ ሞከሩ፤ ደረሰ። ሊና እሰይ ብላ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች።

ያቺን ክንድ አውቃታለሁ። እጅጌዋን የምሰፋላት፣ ሹራቧ ሲያጥራት ከማንም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ለቢረሳው ደግሞ አምና ወደ አገር ለምትገባ ልጅ ሱሪ ልኬለት ነበር፤ እንዲያድግበት ብዬ ከሁሉ ትልቁን። ሐብታሙ በስልክ እየሳቀ "ቁርጭምጭሚቱ ጋ አልደርስም አለ" አለኝ። እኔም ስቄ ነበር፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መሳቁ አልቀጠለልኝም። ትቼው ስመጣ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሁን ክንዱ የት ድረስ እንደሚደርስ አላውቅም።

"በይ አሁን አጭሩን አንሽው፣ ያችን አምፖል አልሚ" አሉ ክሪኮር፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ከፍተው አሳይተውን። ሊና አነሣች። ጥቂት እንደ ቆየች ወገቧ ወደ ኋላ ተለመጠ፣ አፈሙዙም ዝቅ እያለ ሄደ።

"ከበዳት" አሉ።

"ሰደፉን ቁረጥላታ! እንጨት አይደለም እንዴ?"

"እንጨቱንስ እቆርጠዋለሁ። ትከሻዋን ምን ላደርገው ነው?" ጠመንጃውን ከእጇ በቀስታ ተቀበሏት። "ኤሚል፣ ለአባትህ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ከመሸጤ በፊት ግን አንተን ሁለት ጊዜ ይዞህ መጥቶ ሁለቴም መልሼዋለሁ። አልነገረህም? ሊናንም በሚመጣው ዓመት አምጣት። ዛሬ አልሸጥልህም።"

ሚስተር ተቆጣ፤ ለመነ፤ እንደገና ተቆጣ። ሽማግሌው ጠመንጃውን በጨርቅ ወልውለው ወደ ቦታው መለሱት።

እኔ እዚያው ቆሜ ተናደድኩ። በሊና አይደለም። አንዲት ልጅ ቆርቆሮ መምቻ ልትይዝ ሽማግሌ ከፎቅ ወርዶ ክንዷን ይለካል፣ ወገቧን ያያል፣ ገና ነሽ ብሎ ይመልሳታል። የእኔን ልጅ ማን ለካው? ዐሥራ ስምንት ነኝ አለ፣ ግባ አሉት። ነገ ክላሽ ያሸክሙታል፤ ሰፋው፣ ከበደው የሚል አንድ ሰው የለም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ ለጦርነት ጊዜ ግን የሚበቃ መሰለኝ።

ሚስተር ሊናን ለማባበል አይስ ክሬም እንግዛ ብሎ ወደ ሌላ መንገድ ታጠፈ፣ መንገዱም ተዘጋጋ። "ሚስተር፣ እዚህ አውርደኝ" አልኩ። "ያላ ውረጂ" አለኝ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ። እስከ ስልክ ቤቱ በሩጫ ነው የሄድኩት። እሑድ ስለሆነ ከአበሻም ከስሪላንካም ሴቱ ተሰልፏል፤ ተራዬ ሲደርስ ከቀጠሮው አሳልፌ ነበር።

ጠራ። "ሃሎ" አለኝ የወንድ ድምፅ፣ መስመሩ እየተንሿሿ።

"ሐብታሙ፣ ልጁን ቶሎ እንዳታቀርብልኝ፤ መጀመሪያ አንተ ስማኝ።"

"ሃሎ? እ..."

"ዝም ብለህ ስማኝ፣ ጊዜ የለኝም! አልመርቀውም። ለእሱ በደኅና ቃል እነግረዋለሁ፣ ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ። አገር አይጠበቅ አላልኩም፤ አባታችንም ዘምቷል። ግን እኔ የሰው ሽንት ቤት ስፈገፍግ የምኖረው ለማን ብዬ ነው? ደክሞኛል ሐብታሙ። ጉልበቴ አልቋል። መልኩን ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ነው። መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም። መርቄ ልኬው ቢሞት፣ ሬሳውን ቢያሳዩኝም አላውቀውም።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"እማዬ" አለኝ። "እኔ ነኝ።"

ስደውል የሚያነሣው ሁልጊዜ ሐብታሙ ነው፤ ቢረሳው ካለፈው ዓመት ወዲህ ማፈር ጀምሮ "ሰላም በላት" እያለ ይሸሻል። የገዛ ልጄን ድምፅ አላወቅኩትም። ከእግሬ እስከ ራሴ አፈርኩ።

"ድምፅህ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?" አልኩት።

"ቆየ እኮ እማዬ።" ቀጥሎም "ለእኔ ሁልጊዜ ደኅና ነኝ፣ ተመችቶኛል ነበር የምትይኝ" አለ።

"አዎ።"

"ደክሞሻል?"

"ደክሞኛል ልጄ።"

"ታዲያ ነያ!" አለቀሰ ይሁን ተቆጣ አልለየሁትም። "የአጎቴን እንጀራ ቁጭ ብዬ ስበላ፣ አንቺ ሰው አገር ስትለፊ፣ እኔ ምንድን ነኝ ብዬ ነው እኮ የተመዘገብኩት። ነይ፣ እኔም እቀራለሁ። ነገ መኪናው ያለ እኔ ይሂድ። ከጥምቀት በኋላ ሌላ አለ አሉ። እስከዚያ ካልመጣሽ ግን፣ ብትመርቂኝም ባትመርቂኝም እሄዳለሁ።"

"እመጣለሁ" አልኩ። በምን እንደምመጣ አላውቅም። ፓስፖርቴ በማዳሜ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ውሌም ገና አላለቀም። እመጣለሁ ማለቱን ግን ሦስቴ ደገምኩት፣ እሱም ሦስቴ እሺ አለኝ።

ቤት ስደርስ ሚስተር ሳሎን መሐል ቆሞ ለሊና የእኔን መጥረጊያ እንጨት አስይዞ "ወገብሽን ቀጥ! ቀጥ!" ይላታል። ለሚመጣው ዓመት ከዛሬው መጀመሩ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ሚስተር፣ ቢዲ ሩህ። አገሬ መግባት እፈልጋለሁ። ፓስፖርቴን ስጠኝ።"

"ዛሬ ሰው ሁሉ እኔን እምቢ ሊል ነው እንዴ የተነሣው? ውልሽ ገና ነው፣ ኸላስ። ደግሞ ምን ጎድሎሽ ነው?"

"ልጄ ጋ ነው የምሄደው።"

ሊና እንጨቱን አወረደች። ማዳም ጭንቅላቷን በሻሽ እንዳሰረች ከመኝታ ቤት ብቅ አለች።

"ልጅ አለሽ?" አለ ሚስተር።

"አለኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ጠመንጃ ሊሰጡት ነው።"

"ዋሽታን ኖሯል!" አለች ማዳም። "አራት ዓመት ሙሉ! ኤሚል፣ ትሰማለህ?"

ሚስተር ሊናን አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ሶፋው ጫፍ ላይም ቁጭ አለ። ሲጮኽ እንጂ ዝም ሲል አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ።

"ፓስፖርቷን አምጪላት" አላት በመጨረሻ፣ በዝግታ። ወደ እኔም ዞሮ "ስሙ ማን ነው?" አለኝ።

"ቢረሳው።"

በዚያ ቤት ውስጥ ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አንዴ ከጠራሁት በኋላ ግን ማቆም አቃተኝ፤ ሊና መጥታ ወገቤን ይዛ እስክታባብለኝ ድረስ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቢረሳው፣ ቢረሳው እያልኩ አለቀስኩ።