ባዶ ትከሻ

ዓባይነሽ እንዶዱን ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ትደቁሳለች። አረፋው በጣቶቿ መካከል ነጭ ሆኖ ይነሣል። የባሏ የዳኘው ጋቢ እንደታጠፈ አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ከታሰረ ጀምሮ ውኃ አልነካውም፤ እጥፋቱ ውስጥ ዛሬም የአውድማ ገለባ ይሸታል።

ዳኘው ሲያበራይ በሬዎቹን አይመታም ነበር፤ በየስማቸው እየጠራ ያባብላቸዋል። ማታ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲመጣ፣ የገለባው ሽታ ቀድሞት ቤት ይገባል።

"እታለም፣ ጋቢውን ልታጥቢው ነው ወይስ ልታዪው?" አለች ከማዶ ልብስ የምታለቀልቀው ጎረቤቷ ማሚቱ።

"እንዶዱ ይላም ብዬ ነው።"

"ባለፈውም እንዲሁ ብለሽ ደፋሽው። የፈጀሽው የወንዙን ዓሣ ነው።"

ዓባይነሽ ፈገግ አለች። በዚህ መሐል የደብሩ መሪጌታ ክንፈሚካኤል በትራቸውን ተመርኩዘው ቁልቁለቱን ወረዱ።

"ልጄ፣ ነገሩ ለዛሬ ሆነ" አሉ። "ከደብረ ማርቆስ የተነሡት ሹም ወደ ሽንዲ ሲያልፉ መንገዳቸው በቡሬ ነው። አገሩ ሁሉ መንገድ ዳር ይወጣል። አንቺ ድንጋይ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ከፊት ትቆሚያለሽ።"

"ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ሰው ነው፣ የኔታ።"

"አውቃለሁ። ግን ምሕረት የሚለመነው እንዲያ ነው። ስንት ቅዳሜ ገበያ ላይ ጮኽን፣ ማን ሰማን? ሹሙ መኪናቸውን የሚያቆሙት ድንጋይ ሲያዩ ነው።"

ዓባይነሽ እንዶድ የነካ እጇን ሣሩ ላይ ጠረገች። ባለፈው ስንቅ ይዛ ፍኖተ ሰላም ወህኒ ቤት ስትሄድ ዳኘው ያላት ትዝ አላት። "ልወጣ እፈልጋለሁ። ግን ገድሏልና ማሩት ብለሽ አትለምኚልኝ። ስወጣ ከገብረሰንበት ልጆች ጋር ነው አንድ ቤተ ክርስቲያን የምስም።"

ገብረሰንበት ጎረቤታቸው ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት ከቡሬ ገበያ ሲመለስ ተገድሎ ተገኘ። ያኔ ገዳዩ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል፤ ያጥቢያው ሰው ሜዳ ላይ ይቀመጥና ስም ሳያወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም። ጊዜው ኅዳር ነበር። ጤፉ ደርሶ ይረግፋል፣ ሰማዩ ያለ ወሩ ደመና ቋጥሯል። ሰው የሜዳውን ሣር እየነጨ ማሳውን ማሳውን ሲያይ ሰነበተ። በመጨረሻ አንዱ የዳኘውንና የሟቹን የድንበር ጠብ አነሣ። ሌላው "እኔም ሰምቻለሁ" አለ። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ዞረና ዝናቡ ሳይወርድ ሁሉም ወደ ጤፉ ሮጠ። ዳኘው ወደ ወህኒ ሄደ።

አምና ሽንዲ አካባቢ የተያዘ አንድ ሽፍታ ገብረሰንበትን የገደልሁት እኔ ነኝ ብሎ፣ ሳይውል ሳያድር በበሽታ ሞተ። ችሎቱ ግን የተዘጋ መዝገብ አልከፍትም አለ። ከዚያ ወዲህ ነው ስሙን ያወጡት ሰዎች በየገበያው "ዳኘው ይፈታ" እያሉ መጮህ የጀመሩት።

ዓባይነሽ መንገዱ ዳር ስትደርስ ሰዉ ከግራ ከቀኝ ተሰልፏል። አውጫጭኙን ያስቀመጡት ጭቃ ሹም፣ አያ እጅጉ፣ ድንጋይ አዘጋጅተው ይጠብቋታል።

"ያዥ። ከባድ አይደለም፤ መርጬልሽ ነው።"

ተቀበለችው። ለእጅ እውነትም ቀላል ነበር። ወደ ትከሻዋ አነሣችውና ከሰልፉ ፊት ቆመች።

"አያ እጅጉ፣ ያን ጊዜ ጤፍዎን ዝናብ አገኘው?"

"የኛንስ እግዜር አተረፈው። ደርሰንበታል።"

"የኛ እዚያው ማሳው ላይ በሰበሰ። የሚያጭደው ሰው አልነበረም።"

ድንጋዩን እግራቸው አጠገብ በቀስታ አስቀመጠች። መሪጌታ "ልጄ፣ መኪናው እየመጣ ነው" አሉ በዝግታ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ባዶ እጇን ቆመች።

አያ እጅጉ አቧራውን አዩ፤ ድንጋዩን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አነሡና በራሳቸው ትከሻ ላይ አኖሩት። አጠገባቸው የነበረው ሰውዬም ከመንገዱ ጥግ አንድ ድንጋይ ፈነቀለ። ቀጥሎ ሌላው።

ላንድሮቨሩ ቆመ። ሹሙ በመስኮት ብቅ ብለው ሰልፉን ቃኙ።

"ሚስቱ የትኛዋ ናት?"

"ድንጋይ ያልተሸከመችው ናት፣ ጌታዬ" አሉ መሪጌታ።

"እሷ ምሕረት አትፈልግም?"

"የበደልነው እኛ ነን" አሉ አያ እጅጉ። ድምፃቸው ከድንጋዩ በታች የታፈነ ነበር። "ለጤፋችን ብለን ሰው ሰጠን።"

ሹሙ መሪጌታ የጻፉትን አቤቱታ ከእጃቸው ተቀበሉ። "ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሰውየውን አስጠርቼ ራሴ አነጋግረዋለሁ። ያላችሁኝንም ለበላይ አቀርባለሁ" አሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አልሰጡም። መኪናው ሄደ፤ አቧራው ድንጋይ በተሸከሙት ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

ዓባይነሽ ወደ ወንዙ ተመለሰች። የእንዶዱ አረፋ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ደርቆ ነበር፤ ውኃ ጨመረችበት። ከዚያ ጋቢውን ዘርግታ ነከረችው። የገለባው ሽታ ከእርጥቡ ጥጥ ውስጥ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ እሱ በር ላይ የቆመ ያህል። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በእግሯ ትረግጠው ጀመር። ውኃው ጠራ እስኪል ድረስ ረገጠችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋቢው ቁጥቋጦው ላይ ደረቀ። አጣጠፈችና ቤት ወስዳ፣ ዳኘው ከአውድማ ሲመጣ አረፍ በሚልበት መደብ ላይ አስቀመጠችው።