ፈቃድ የሌለው ፉከራ

ምናለ በዕድሜው ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም። ይህን ሮቫ ቴት በሚባለው ሰፈር የሚኖር ጎረቤቱ ሁሉ ይመሰክርለታል። አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ማልጌዛ፣ ያቺን ሹካ ያላትን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ሲነዳ ዘመን አልፎታል፤ ልጁ የሚሆን አለቃ ሲጮህበት "እሺ" ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ሲገባ፣ ሁለት ፖሊሶች ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብለው "ስንት ሰው ገድለሃል?" ብለው የጠየቁት ይህንን ሰው ነው።

ጣጣውን ያመጣው ሽጉጡ ነው ይላሉ። የለም፣ ያመጣውስ አፉ ነው።

ምናለ ኢላማ ተኳሽ ነው። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ክለቡ ሄዶ፣ ጆሮውን ሸፍኖ፣ ትንሿን ሽጉጡን ዘርግቶ ወረቀት ይበሳል። ይህ ደግሞ ምን ደስታ አለው የሚሉ አሉ። ደስታውማ እንዲህ ነው፦ እሱ መስመሩ ላይ ሲቆም ከኋላው ያሉት ሁሉ፣ ሐኪሙም ነጋዴውም፣ ዝም ይላሉ። ትንፋሹን ይዞ እስኪተኩስ ይጠብቁታል። ሲጨርስ ወረቀቱን ያዩና "ኮል ሀካቮድ፣ አዶን ምናለ!" ይሉታል። በዕብራይስጥ፣ ጎበዝ አቶ ምናለ ማለታቸው ነው። ከዚያ ክለብ ውጪ በዚህ አገር አቶ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ያችን ዓርብ ጠዋት ከወሰዱበት ምን ይተርፈዋል?

ሕጉም ቢሆን ለማንም ሽጉጥ አያሸክምም። የተኳሽ ፈቃድ ያለው ሰው አማቱ ቤት እንደሚኖር ሙሽራ ነው፤ መግባት መውጣቱ ይታያል። ሐኪም ስለ ጤናው ይፈርማል፤ ሥልጠናው በየጊዜው ይታደሳል፤ ሽጉጡ በተቆለፈ ካዝና ውስጥ ይተኛል፤ ለወንድም አይዋስም፣ ለጌጥ አይታጠቅም። ምናለ ይህን ሁሉ ሲፈጽም አንድ ቀን ቅር ብሎት አያውቅም። ሚስቱ ትሁኔ፣ የእኔን ልደት ረስቶ የፈቃዱን ማደሻ ቀን ያስታውሳል እያለች ትቀየመዋለች፤ እውነቷን ነው።

ታዲያ የእህቱ ልጅ አቪኤል ሲያገባ፣ ሽጉጡ እንደ ደንቡ ካዝናው ውስጥ ተቆልፎበት፣ ምናለ ባዶ እጁን ወደ ሠርጉ አዳራሽ ሄደ። ከበሮው ሲሞቅ ሽማግሌዎቹ "የፍቅሬ ልጅ ይነሣ!" አሉ። ፍቅሬ የምናለ አባት ነው። ወደ ሱዳን ሲሰደዱ በረሃ ላይ መንገድ የዘጉባቸውን ሦስት ሽፍቶች ባንድ ጥይት ጣለ የሚባልለት፣ ከዚያም ሱዳን ላይ በሽታ ቀስፎት የቀረ ጀግና ነው። ምናለ ያኔ ገና በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር። ታሪኩን እየነገሩ ያሳደጉት የአባቱ ወንድም አያ ሳህሉ ናቸው፤ ተኩስ የለመደውም ያንን ታሪክ እየሰማ ስላደገ ነው። ዝምተኛው ሰው ሁለት ብርጭቆ ቀምሶ ነበርና ተነሣ። ጥግ የቆመ መጥረጊያ አንሥቶ በትከሻው አነገተና ጀመረ፦

"ዘራፍ! የፍቅሬ ልጅ!
ገዳይ በመተማ፣ ገዳይ በቆላው፣
ሦስቱን ባንድ ጥይት ሰድሮ የቆላው፣
አራተኛ ካለ ይምጣ፣ የት ነው ያለው?"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። አያ ሳህሉ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ሙሽራው አቪኤል ደግሞ በስልኩ ቀረጸና፣ ዕብራይስጥ ብቻ የሚያውቁ ጓደኞቹ እንዲረዱት ብሎ ከሥሩ ቃል በቃል ተርጉሞ ለዓለም ለቀቀው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከበሮና እልልታ ሲቀነስበት ነገሩ "ሦስት ሰው ገድያለሁ፣ አራተኛው ይምጣ" የሚል ሆነ። አንድ የደነገጠ ሰው አንብቦ ለፖሊስ ደወለ።

ፖሊሶቹ ሽጉጡን ከካዝናው አውጥተው ደረሰኝ ሰጥተው ሄዱ። በዚያች ምሽት ታች ሰፈር የሚኖሩ ጎረምሶች ምንም ፈቃድ የሌለው ርችት ሲያፈነዱ ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

የምናለ ልጅ ኦርታል ኮሌጅ ሕግ ትማራለች። አባቷ እራት አልበላም ብሎ ሲቀመጥ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አባ፣ አትፍራ። ሪሽዮን፣ ፈቃድ ያለው ሰው ዝኹዮት አለው፣ መብት አለው። ሳይሰሙህ ፈቃድህን አይሰርዙትም። ሺሙዓ ይሰጡሃል።"

"ሺሙዓ ምንድን ነው?"

"ቀርበህ የምትናገርበት ነዋ። የሚያውቅህ ምስክርም ታመጣለህ።"

"መናገሩ አይደል የጣለኝ?" አለ ምናለ።

ምስክር እንዲሆኑ አያ ሳህሉ ተመረጡ። ከእሳቸው በላይ ምናለን የሚያውቅ ከየት ይመጣል? ኦርታል አንድ ሳምንት ሙሉ አስጠናቻቸው።

"አባባ፣ እንዲህ በሉ፦ ምናለ የዋህ ነው፣ ማንንም አልገደለም፣ ፉከራ የባህል ጨዋታ ነው።"

"እሺ ልጄ።"

"እስኪ ይድገሙልኝ።"

"ምናለ የዋህ ነው። ማንንም..." ይሉና፣ ሽማግሌው ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ግን አጠኑት። ለምናለ የማያደርጉት ነገር የላቸውም።

ቀኑ ደረሰ። የፈቃድ ቢሮው ሹም ኦሸሪት የምትባል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። ቪዲዮውን ከፈተችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች።

"እዚህ ላይ በትከሻህ ያነገትከው ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?"

"መጥረጊያ ነው" አለ ምናለ።

ኦሸሪት ቪዲዮውን አቁማ ተጠግታ አየችና መጥረጊያ ብላ መዘገበች። እስከዚህ መልካም ነበር። ፈቃዱ ንጹሕ ነው፣ ሥልጠናው አልጎደለም፣ ክለቡ ደግሞ ስለ ጨዋነቱ ጽፎለታል። የቀረው ምስክር ብቻ ነው። ዘመድ ለዘመድ አይተረጉምም ተብሎ ኦርታል ወደ ኋላ ወንበር ሄደች፤ ኦድያ የምትባል የኛው ልጅ፣ የቢሮው አስተርጓሚ፣ ገባች።

አያ ሳህሉ አተኩረው አዩዋት። "የማን ልጅ ነሽ?"

"የዮኬቤድ ልጅ ነኝ፣ አባባ። የአምቦበሮቹ።"

በዚህ ጊዜ ነገር ተበላሸ። ቋንቋ በማታውቅ ሹም ፊት የወንድምን ልጅ የዋህ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ማታ ቤቷ ገብታ አገር ቤት ከአምቦበር መንደር ለመጣ ሰው ሁሉ በምታወራ ልጅ ፊት ማለት ሌላ ነው። አያ ሳህሉ ደረታቸውን ነፉ። ሳምንት ሙሉ ያጠኑት ትምህርት ባንድ ትንፋሽ ከላያቸው በነነ።

"ይህ ሰው ማንንም ገድሎ ያውቃል?" አለች ኦሸሪት።

"እሱ ገና አልደረሰውም!" አሉ አያ ሳህሉ። "ዘሩ ግን የገዳይ ዘር ነው! አባቱ ሦስት ጥሏል! ይሄም ክፉ ቀን ከመጣበት ካባቱ አያንስም!"

ኦድያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ቀስ ብላ "አባባ፣ ይህን እንዳለ ልተርጉመው?" አለች።

"ተርጉሚ እንጂ! አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ!"

ተረጎመች። ኦርታል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኦሸሪት መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

"አዶን ምናለ፣ በቤታችሁ በመሣሪያ መግደል ክብር ከሆነ፣ እኔ ምን ብዬ ነው መሣሪያ የምመልስልህ? መልስ አለህ?"

መልስማ ነበረው። "አባቴ ማንንም አልገደለም፣ ወሬ ነው" ቢል ይበቃው ነበር። ምናለ አጎቱን አየ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ የያዙ፣ አባት በሌለው ጊዜ አባት የሆኑለት ሰው ናቸው። በአምቦበር ልጅ ፊት ሊያዋርዳቸው አንጀቱ እምቢ አለው። አባቱንም በዓይኑ አላየውም፤ ከዚያ ታሪክ በቀር የያዘለት ነገር የለም። እሱን ራሱ ቢክድ ምን ይቀረዋል?

"አያ፣ ይበቃል" አለ። "እንሂድ። ሽጉጡ ይቅር።"

"ይቅር?" አሉ ሽማግሌው። "ዓርብህስ?"

"ዓርቡም ይቅር።"

አያ ሳህሉ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ደረታቸው ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ኦድያ ልጄ፣ የቅድሙን ተይው። እንደ አዲስ ተርጉሚ" አሉ። "የዚህ ልጅ አባት ወንድሜ ፍቅሬ ባለእጅ ነበር። የሰው ጠመንጃ ይጠግናል እንጂ የራሱ ኖሮት አያውቅም። ከአገር ስንወጣ ሊሠራት የተቀበላት የአንድ ባላባት ምንሽር እጁ ላይ ነበረች። መምቻዋ የተሰበረ፣ ጥይት የሌላት። የታጠቀ እንዲመስል ባዶዋን አነገታት። በረሃው ላይ ሦስት ሽፍቶች መንገዱን ዘጉ። ሴቶቹ አለቀሱ። ፍቅሬ ቋጥኝ ላይ ወጣና ፎከረ። ያልገደለውን ገደልኩ አለ፤ የሌለ ጦር ከኋላዬ እየመጣ ነው አለ። እኛም ከታች ሆነን 'ዘራፍ!' እያልን ተቀበልነው። ሽፍቶቹ ተያዩ፤ ዞረው ሄዱ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። ሲወርድ ደግፌ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።"

ምናለ ወደ አጎቱ ዞረ። "ታዲያ ለምን ገደለ ብለው ነገሩኝ?"

"ልጅ ነበርክ። አባትህን ሱዳን ቀብረን መጥተን፣ 'አባቴ ምን ሠራ?' አልከኝ። 'ጮኸ' ልበልህ?"

ኦድያ አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመች። ኦሸሪት መነጽሯን መልሳ ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

"ማለት ጥይት አልነበረውም" አለች።

"አልነበረውም። አፉ ብቻ ነው የነበረው።"

ሹሟ ደግ ሴት ናት፤ ሕጉ የሚለውን አደረገች። ፈቃዱ ይመለስ፣ ሽጉጡም ይመለስ ብላ ወሰነች። አንድ ሁኔታ ብቻ አስገባች፦ አዶን ምናለ ከእንግዲህ በሰው ፊት የመግደል ቃል አይናገርም፣ አይፎክርም። ምናለ ፈረመ። እንዲህ ሆነና፣ በዚያ ቤተሰብ ዘንድ ማንንም ነክቶ የማያውቀውን ብረት ለባለቤቱ መለሱለት፤ ያንን ሁሉ ነፍስ ከሽፍታ ያዳነውን ፉከራ ግን አደገኛ ነው ብለው ከለከሉት።

ውጪ ሲወጡ አያ ሳህሉ ደረጃው ላይ ቆሙ። "ተቀየምከኝ?"

"በምን እቀየማለሁ?" አለ ምናለ። "ጥይት ያለውማ ማንም ይቆማል፣ አያ። ባዶውን መቆም ነው እንጂ የሚከብደው።" ይህን ብሎ እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው። በዚያች ሳምንት ዓርብ ክለቡ ሄዶ መስመሩ ላይ ሲቆም ግን፣ ሽጉጡ ከወትሮው ቀለለችበት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእህቱ የሐረጊቱ ትንሹ ልጅ ኢታማር ለባር ሚጽቫ፣ ለዐሥራ ሦስት ዓመት በዓሉ፣ ደረሰ። ያው አዳራሽ፣ ያው ከበሮ ነው። ነገሩን ያልሰሙ ሽማግሌዎች "የፍቅሬ ልጅ ይነሣ!" አሉ። ምናለ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት አየ። "ምን ሆኗል? አሞታል እንዴ?" አሉ ሴቶቹ። ኦርታልም "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ተዉት" ብላ ልትስቅ ሞከረች።

ይኼኔ አያ ሳህሉ ከዘራቸውን በትከሻቸው አነገቱና ወደ መሀል ገቡ።

"እኔ ሪሽዮን የለኝም!" አሉ። "ምኔን ይወስዱብኛል? ዘራፍ! የፍቅሬ ወንድም!
ባዶ ብረት ይዞ ሽፍታ የመለሰ፣
ባፉ እየተኮሰ ወገን ያደረሰ!"

እንዲህ ያለ ፉከራ ያ አዳራሽ ሰምቶ አያውቅም። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ የበረሃውን መንገድ የሚያስታውሱ አሮጊቶች ቀድመው ተነሡና እልል አሉ። አቪኤል ስልኩን ሲያወጣ ኦርታል እጁን ያዘችው። ዙሪያውን ያለው ሁሉ "ዘራፍ!" እያለ ይቀበላል፤ ምናለ ግን የፈረመ ሰው ነውና አፉን ዘግቶ አለቀሰ።