ፍሬን የሌላት ብስክሌት

አያ ይርሳውን የልጅ ልጃቸው ሕሊና ቡሬ ከመጣች ወዲህ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ የውድድር ብስክሌቷ ፍሬን የላትም። የልጅቱ እናት የሆላንድ ሰው ናት፤ አባቷ የእሳቸው ልጅ ስመኘው ነው። ተወልዳ ያደገችውም፣ ውድድር የጀመረችውም በእናቷ አገር ነው። ዘንድሮ ግን ለአባቷ አገር ልትወዳደር ነውና፣ ውድድሩ ወዳለበት ካይሮ ሳትሄድ ምርቃት ልትቀበል መጣች።

"ያለ እርስዎ ምርቃት አልሄድም አባባ" አለች፣ በዚያ ኮልታፋ አንደበቷ።

"ፍሬን ካላስገጠምሽ አልመርቅም" አሉ እሳቸው። "መቆሚያ በሌለው ነገር ሂጂ ብዬ ገደል ልስደድሽ?"

የሁሉም እንዲሁ ነው ብትላቸው አልሰሟትም። አክስቷን ልትጠይቅ ፍኖተ ሰላም በሄደችበት ቀን፣ ብስክሌቷን እየገፉ ጠጋኙ ትዕዛዙ ዘንድ ወሰዷት።

"አያ ይርሳው፣ ይች ላባ ናት። የኔ ፍሬን ከሷ ይከብዳል" አላቸው።

"ይክበዳ። ግጠም አልሁህ።"

ሕሊና ስትመለስ የተገጠመውን ፍሬን አየችው። አልተቆጣችም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ "አባባ፣ የምንወዳደርበት ሜዳ ክብ ነው" አለች። "ተጠጋግተን ነው የምንዞረው። እኔ ፍሬን ብይዝ የኋላዬ ላዬ ላይ ትወጣለች፤ በሷም ላይ ሌላዋ። በዚህ ከሄድሁ አያስገቡኝም።"

አያ ይርሳው ዕድሜያቸውን ሙሉ አውድማ ላይ በሬ እየነዱ እህል ሲያበራዩ ኖረዋል። ዙሩ ከሞቀ በኋላ አንዱ በሬ ቀጥ ሲል የኋላው እንዴት እንደሚወጣበት ያውቁታል።

"ለመቆምስ?"

"እግሬን አዘገያለሁ። እግሬ ሲዘገይ ጎማውም ይዘገያል።"

"እንግዲያ ፍሬኗ እግርሽ ነዋ። ቀድመሽ አትነግሪኝም?"

"ነግሬዎት ነበር እኮ።"

"በሬ መሆናችሁን መች ነገርሽኝ።"

በማግስቱ አብረው ትዕዛዙ ዘንድ ሄዱ። "ፍታው" አሉት።

"ትናንት ግጠም፣ ዛሬ ፍታ?"

"አንተ አበራይተህ አታውቅም፤ ዝም ብለህ ፍታ።"

ፍሬኑ ሲወርድ አያ ይርሳው ባርኔጣቸውን አውልቀው እዚያው ደጃፉ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። "ከፊትሽ ያለችው ድንገት አትቁምብሽ። ከኋላሽ ያለችውም አትውደቅ። ሁላችሁንም ወደየእናታችሁ ቤት በደኅና ያግባችሁ።"

"አሜን" አለ ትዕዛዙ፣ ግራሶ የነካ እጁን ዘርግቶ።

ሕሊና ግን አንገቷን እንዳቀረቀረች ቆየች። "አባባ፣ ማሸነፉን ዘለሉት።"

"የቸኮለች ልጅ። መች ጨረስሁ?" አሉና እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።