የምርጊት ቀን

"ባላውን ያዙ! ኧረ ባላውን!"

ጎረቤቷ ዓብዲሳ ከውጭ ሲጮህ ሰኪና ቤቱ ውስጥ ነበረች። ምስጥ የበላውን የመሀል ምሰሶ ነቅለው አዲስ ለመትከል ጎረቤቶቿ ጣሪያውን በሁለት ባላ ደግፈውት ነበር። የአንደኛው ባላ ሥር ተንሸራተተ። እንጨቱ ሲጢጥ አለ፤ ከቆርቆሮው ሥር የተጠራቀመ ጥላሸት ራሷ ላይ ወረደ። በመሮጥ ፈንታ ራሷን በክንዷ ሸፈነች።

በዚህ ጊዜ በጓሮ በኩል፣ ገና ባልተመረጉት ቋሚዎች መሀል አንድ ሰው ሾልኮ ገባና ትከሻውን ለወራጁ ሰጠ። ጉልበቱ ታጠፈ፤ እንደ ምንም ብሎ ቀና አለ።

"ውጪ!" አላት ጥርሱን ነክሶ። "ምን ትጠብቂያለሽ? ውጪ!"

ወጣች። ወንዶቹ ተሻምተው ገብተው ባላውን መልሰው አቆሙ፤ ምሰሶውንም ተክለው ጠቀጠቁት። ሰኪና ያን ሰው ልታመሰግን በሩ ላይ ጠበቀችው። ከሲታ ወጣት ነው። ከላይ የተቀደደ ቡሉኮ ደርቧል፤ ከታች ግን ቀለሙ የለቀቀ የወታደር ሱሪ ነው የታጠቀው።

"አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ከየትኛው ቤት ነህ?"

ሰውየው አዲሱን ምሰሶ አየ፤ የፈረሰውን የጓሮ ግድግዳ አየ፤ ከዚያ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ተመለከተ።

"እናቴስ?" አለ። "እናቴ የት ሄደች?"

ከጎረቤቶቹ አንዷ ባየሽ የያዘችውን የውኃ እንስራ አስቀመጠችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሌታ ዱፌ" አለች ቀስ ብላ በኦሮምኛ፤ "ሌታ መጣ።"

ሰኪና ያን ስም ታውቀዋለች። ቤቱን የሸጠችላቸው አዴ ድንቅቱ ስትሰናበታቸው በረንዳው ላይ ቆማ ደጋግማ ጠርታው ነበር።

ሰኪናና ባሏ ዩሱፍ የስልጤ ሰዎች ናቸው። አምቦ ላይ በአንዲት የኪራይ ክፍል ስድስት ዓመት ኖረዋል። ባለፈው ዓመት መጋቢት መንግሥት ለግል ንግድ እጁን ሲያላላ፣ ዩሱፍ ጨውና ጋዝ የሚሸጥበት፣ እህል የሚሸምትበት ቤት በደንዲ ገጠር መፈለግ ጀመረ። ከጊንጪ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ይህን ቤት አገኘ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የገዙት እንጨቱንና ቆርቆሮውን ነው። በመንደር ምሥረታው ጊዜ ገበሬ ማኅበሩ መጋዘን አድርጎት ስለነበር ምስጥና አይጥ ተጫውተውበታል። አዴ ድንቅቱ ቤቷ ቢመለስላትም ብቻዋን ልታቆመው አልቻለችም፤ ጉደር ያለች ልጇ መጥታ ወሰደቻት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ጂራም ለአዲሶቹ ሰዎች "አንድ ዓመት እንያችሁ፤ ከዚያ እንነጋገራለን" ብሎ ፈቀደ። የሰው አገር ነውና ዩሱፍ በየሄደበት አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያልፈው።

ዛሬ፣ በ1983 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በደቦ ወጥቶላቸው ነበር። ሰኪና ሁሉም እንዲበላው ብላ ሥጋ የሌለበት ሽሮና ምስር ሠርታለች። ጠላ እሷ አትጠምቅም፤ ባየሽ ሳትጠየቅ ከራሷ ቤት በማሰሮ ይዛ መጣች። ሰኪና በዚያ ነገር ስትደሰት ነው ያረፈደችው።

"እናትህ ደህና ነች" አለው የባየሽ ባል ዓብዲሳ። "ጉደር፣ እህትህ ጋ ናት።"

"ቤቱስ?"

ዓብዲሳ ወደ ሰኪና ተመለከተ።

"ለእኛ ሸጠችልን" አለች ሰኪና።

ሌታ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ የድሮው ምርጊት በመዳፉ ሥር እየተፈረፈረ ወደቀ። "ሁለት ወር በእግሬ ነው የመጣሁት" አለ። "ቀን እየተደበቅሁ፣ ማታ እየሄድኩ። እዚህ በር ላይ አገኛታለሁ ብዬ። እኔን ሳትጠይቅ ሸጠችው?"

"ሞቶ ይሆናል ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር" አለች ባየሽ። ሰኪናን በክንዷ ይዛ ወደ ጓሮ ሳበቻትና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከጦሩ ጠፍቶ ነው የመጣው። ከተያዘ አለቀለት። የደበቀውም ሰው ይታሰራል፤ ቤቱም ይወረሳል። እንድታውቂው ብዬ ነው።"

ሰኪና ያልተመረጉትን ቋሚዎች አየች። ገና አንድ ግድግዳ እንኳ አልጨረሱም።

ባየሽ ሌላ ነገር ልትናገር ስትል ዓብዲሳ በፉጨት ጠራቸው። ከላይ፣ ከጋራው አፋፍ ሦስት ሰዎች ይወርዳሉ። የፊተኛው በነጭ ባርኔጣው ይታወቃል፤ ኦቦ ጂራ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ጠብመንጃ አንግተዋል።

ሌታ ብድግ አለ። ዙሪያውን ቃኘ። ጤፉ ታጭዶ ስላለቀ ሜዳው ገላጣ ነው፤ አንድ ሰው ቢሮጥ እስከ ወንዙ ድረስ ይታያል።

"እንዳትሮጥ" አለው ዓብዲሳ። "ቡሉኮህን ጣልና ጭቃው ውስጥ ግባ።"

ሌታ ጭድና ጭቃ ወደሚረገጥበት ጉድጓድ ዘለለ። ጭቃውን እያፈሰ ሱሪውን እስከ ወገቡ ለቀለቀው፤ ፊቱንም ጸጉሩንም ቀባው። ሁለት ወንዶች ከግራና ከቀኝ ገብተው አብረውት ይረግጡ ጀመር። ማንም ማንንም አላዘዘም። ሰኪና ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ሰዎቹ ወደ እሷ አይመለከቱም፤ ግን ሁሉም የሚጠብቁት እሷን እንደሆነ ገባት። ከመሀላቸው ምን እንደሚናገር የማይታወቅ አንድ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነች።

ታጣቂዎቹ ደረሱ። ከሁለቱ ረጅሙ ሰውዬ ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከወረዳ የመጣ ነው፤ እዚህ ማንንም አያውቅም።

"የዚህ ቤት ባለቤት ማነው?"

"ባሌ ነው። ምስማር ሊገዛ ጊንጪ ሄዷል" አለች ሰኪና።

"ከጦር ሜዳ የጠፉ ሰዎች በዚህ በኩል አልፈዋል የሚል ጥቆማ አለ። እንግዳ ሰው አይተሻል?"

"እንግዶቹስ እኛው ነን ጌታዬ።"

ሰውየው አልሳቀም። በጉድጓዱ ዙሪያ ቀስ ብሎ ዞረ። የሚረግጡትን አንድ በአንድ እያየ ሄዶ ሌታ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄኛው ማነው?"

ሁሉም እግር ቆመ። ኦቦ ጂራ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ሌታን እንዳወቀው ሰኪና ከፊቱ አነበበች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነው፤ ለውትድርናም ስሙን የሰጠው እሱ ነው።

ሰኪና በዚያች ቅጽበት ያሰበችውን ነገር በኋላ ለማንም አልተናገረችም። ሰውየው ቢወሰድ ቤቱን የሚጠይቃት አይኖርም። መናገርም አይጠበቅባትም፤ ዝም ብትል ይበቃል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ያምናታል፤ ዩሱፍም ሱቁን ይከፍታል። ይህን እያሰበች ሳለ ከድሮ የሚባለው ታናሽ ወንድሟ ትዝ አላት። የዛሬ ሁለት ዓመት ከገበያ መሀል ለውትድርና አፍሰው ወሰዱት። እናቷ እስከ ዛሬ ደጇን ጠርጋ በር በር ታያለች።

"ወንድሜ ነው" አለች።

"ወንድምሽ?"

"ከድሮ ይባላል። ምርጊቱን ሊያግዘን ነው ከአገር ቤት የመጣ።"

ታጣቂው ወደ ሌታ ዞረ። "አንተ፣ መቼ መጣህ?"

"አማርኛ አይሰማም" አለች ሰኪና ፈጥና።

"አንቺ ተናገሪው እስቲ። በቋንቋችሁ።"

ሰኪና ፊቷን ወደ ጉድጓዱ መለሰች። ከዚያ ሰነፍ ታናሽ ወንድሟን እንደምትቆጣ ሁሉ ጮክ ብላ በስልጥኛ፣ "ከድሮ! ምን ትገተራለህ? ጭቃውን ይዘህ ና!" አለች፤ እጇንም ወደ ግድግዳው ዘረጋች።

ሌታ አንዲት ቃል አልገባውም። እጇን ግን አየ። ጎንበስ ብሎ ሙሉ እቅፍ ጭቃ አነሳና በታጣቂው ፊት አልፎ ወደ ግድግዳው ሄደ። ማገሩ ላይ በመዳፉ ደፈደፈው፤ ተመልሶ ሌላ አነሳ። ሰኪና አሁንም በስልጥኛ፣ "ወደ ላይ! ወደ ላይ አድርገው!" ብላ ጮኸችበት።

ረጅሙ ታጣቂ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። "ጓድ ጂራ፣ ታውቀዋለህ?"

ኦቦ ጂራ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። "እኔ የማውቀው ባልየውን ነው። ዘመዶቻቸው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ።"

"ዕድሜው እኮ ለውትድርና የደረሰ ነው። ይዘነው እንሂድ።"

ባየሽ አጠገቧ የነበረውን እንስራ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ሰኪና ወንድሜ ብላ ራሷ አሳልፋ የሰጠችው መሰላት።

"አትችልም" አለ ኦቦ ጂራ። ድምፁ እንደ መሰላቸት ያለ ነበር። "የማኅበሬ አባል አይደለም። ከእኔ ኮታ አይቆጠርም። የሌላ አውራጃ ሰው ከእኔ ቀበሌ ተወሰደ ቢባል ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የግድ ከሆነ ጂራ የለበትም ብለህ ፈርምልኝና ውሰደው።"

ታጣቂው ጠብመንጃውን መልሶ አነገተ። ጓደኛው ዓይኑ ምስሩ ላይ ነበር። በኋላ ሁለቱም በረንዳው ላይ ተቀምጠው በሉ፤ የባየሽንም ጠላ ጠጡ። ሌታ ፊት ለፊታቸው ጭቃ ሲያመላልስ ቆየ። ሲነሱ ረጅሙ፣ "ነገ በዚሁ እንመለሳለን" አለ።

ኦቦ ጂራ ከኋላ ቀረት ብሎ ሌታን ሳያይ ሰኪናን አናገራት። "ነገ ሲመለሱ ወንድምሽ እዚህ ባይኖር ይሻላል።"

"ኦቦ ጂራ..."

"ሌላ ነገር አልጠይቅሽም" ብሎ ተከተላቸው።

ዩሱፍ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጊንጪ ተመለሰ። ሰኪና ጓሮ ወስዳ የሆነውን ነገረችው። ምስማሩን እንደያዘ ቀረ።

"አብደሻል እንዴ ሰኪና? ሁለታችንንም ልታስረሽኚን ነው!"

"ምን ልበል ነበር?"

"ምንም! ምንም አትበይ! ደግሞ ቤቱን መልሱልኝ ቢልስ? እናቱ ሸጠች እንጂ እሱ አልሸጠም። ማኅበሩም ነገ ለልጃቸው ነው የሚፈርደው።"

"አውቃለሁ" አለች። "እሱንም አስቤዋለሁ።"

ወደ ቤቱ ፊት ለፊት ሲመለሱ ሌታ ታጥቦ በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥ ምድጃው ይነዳል።

"መግባት እችላለሁ?" አለ።

የተወለደበት ቤት ነው። ዩሱፍ አንገቱን ደፋ። "ግባ እንጂ" አለ በመጨረሻ። "ግባ። ምን ትጠይቃለህ?"

ሌታ ገብቶ እሳቱ አጠገብ ተቀመጠ። ባየሽና ዓብዲሳም ገቡ። ሰኪና ምግብ አቀረበችለት፤ ቸኩሎ በላ። ከበላ በኋላ፣ "ስለ ቤቱ ዛሬ ምንም አልልም" አለ። "ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ገና ሆዴ አልቆረጠም። መጀመሪያ እናቴን ልያት። ከመንጋቱ በፊት እሄዳለሁ።"

"በምን በኩል?" አለ ዓብዲሳ። "አምቦ መግቢያ ኬላ አለ። በዱር እንዳትሄድ እነዚያ ሰዎች ወንዝ ወንዙን ይዘዋል።"

ሰኪና ባሏን ተመለከተች።

"ወንድሜ ታሞብኝ ነው ብዬ አምቦ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ" አለች። "የዩሱፍን ሱሪ ይልበስ፤ ነጠላዬን አጣፍቶ ይከናነብ። ከአምቦ ጉደር ቅርብ ነው።"

"አንቺ?" አለ ዩሱፍ።

"ወንድሜ ነው ብያለሁ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ነገ ሌላ ሰው ቢወስደው ምን ይመስላል?"

"ምርጊቱስ? ጭቃው ተቦክቷል፤ ግድግዳው ክፍት ነው፤ ዕቃው ሁሉ ተበትኖ!"

ዩሱፍ ተነሥቶ በሩ ድረስ ሄደ። ውጭውን ሲያይ ቆይቶ ሲመለስ ድምፁ ተለውጧል። "ሴት ብቻዋን ከሆነች ይጠረጥራሉ። እኔ የንግድ ፈቃድ አለኝ፤ የኬላው ሰዎች ፊቴን ለምደውታል። ሦስታችንም እንሄዳለን።" ወደ ሌታ ዞረ። "መንገድ ላይ ቃል እንዳትተነፍስ። ያመመው ሰው አያወራም።"

ሌታ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሰኪና ወደ ጓዳ ገባችና ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ጠቀለለች። አምቦ የደከሙበት ሁሉ፣ ለሱቁ የሰበሰቡት ጨውና ሳሙና፣ ልብሳቸውም ሳይቀር እዚያው ጓዳ ተከምሯል። የጓዳውን በር ቆልፋ ወጣች። ዩሱፍ ቁልፉን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን አልፋው ባየሽ ፊት ቆመች።

"አዴ ባየሽ፣ የነገው ሽሮ ጓዳ ውስጥ ነው" አለችና ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። "እንዳትጠብቁን፤ ምርጊቱን ማልዳችሁ ጀምሩ።"