የተመለሰው ጉርሻ

ፈጠነች ብዙ ነገር ይቅር ብላለች፤ አንዱን ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዛው ኖረች። አፏ ደጃፍ የደረሰ ጉርሻ ተመልሶባታል። የመለሰውም ሌላ ሰው አይደለም፤ ዛሬ ድንኳን የተጣለለት ባሏ ጦና ነው።

ፍራሹ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ዓይኗ ግን ከአንድ ቦታ አይነሣም። ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ አንዲት ባለጥቁር ሻርፕ ሴት አለች። ትናንት ከቀብር መልስ መጥታ ነበር፤ ዛሬም መጣች። ይዟት የመጣ የለም፤ ከማንም ጋር አታወራም። የምታለቅሰው ግን እንደ ዘመድ ነው።

«ታውቂያታለሽ?» አለች ጎረቤቷ እልፍነሽ ጆሮዋ ሥር ተጠግታ።

«አላውቃትም።»

«እንዲህ የምታነባ ሴት፣ ሳትታወቅ?»

«እልፍነሽ፣ ዝም በይ።»

«ዝም ብያለሁ። እኔ ምን አገባኝ። ብቻ ዓይንሽን ከሷ እንዳታነሺ።»

ፈጠነች ዋሽታለች። ሴትዮዋን ታውቃታለች። ያኔ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አሁን ሞላ ብላለች። ግራ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ ግን ያችው ጠባሳ ናት።

በተጋቡ በዓመቱ ነበር፤ ጥር ሃያ አንድ ቀን። ጦና ከሶዶ ተበላ ከተማ የሚመላለስበትን ሚኒባስ በጊዜ አቁሞ መጣና «ልበሺ፤ ዛሬ ራት የምንበላው ውጭ ነው» አላት። ያኔ ሶዶ ውስጥ የጋብቻ ቀኔ ነው ብሎ ሚስቱን ራት የሚጋብዝ ሹፌር የት አለ? የሠርጓን ጫማ አደረገች። ጎረቤት እንዲያያት ብላ በዋናው መንገድ ዞረው ሄዱ።

ከመናኸሪያው ጀርባ አዲስ የተከፈተ፣ ገና ታፔላ ያልሰቀለ ምግብ ቤት ነበር። ጥብስ መጣ፤ የሚያቃጥለው የቃሪያ ድቁስ፣ ዳጣው፣ ለብቻው በትንሽ ሳህን። ጦና የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሳት። ሁለተኛውን ጠቀለለ፣ ዳጣ አስነካው፣ ወደ አፏ አመጣው። አፏን ከፍታ ስትጠብቅ እጁ አየር ላይ ቀረ። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ ወጥ ቤቱ በር ያያል። ከዚያ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ ተነሣ።

ፈጠነች ዞር ስትል ባሏ ባለጠባሳዋን ልጅ ሁለት እጇን ይዞ ይለምናታል። ልጅቷ አንገቷን ትነቀንቃለች። ሲመለስ ላብ አጥምቆታል።

«ተነሺ እንሂድ።»

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ተነሺ ብቻ።»

ከዚያ ወዲያ ውጭ እንብላ የሚባል ነገር ቀረ። ይባስ ብሎ ጥር ሃያ አንድ በመጣ ቁጥር ያመሻል። እሷ ወጥ ሠርታ ስትጠብቀው «በልቻለሁ» ይላል።

«የት?»

«እዚያው መንገድ ላይ።»

ልብሱን ስታጥብ ታሸተዋለች። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። በቤቷ ሻይ ውስጥ ቅርንፉድ ገብቶ አያውቅም። አንድ ዓመት ንዴቷ ቢብስባት ድስቱን ከነወጡ ወስዳ ለውሻ ደፋችው። ጦና ቆሞ አየ። ያ ዝምታው በጥርጣሬዋ ላይ ማኅተም አደረገበት።

እንዲህ እንዳለ ሞተባት። ሰኞ መሪ ላይ እያለ ራሱን አመመው፤ ረቡዕ አለቀ። ልትጠይቀው ያሰበችውን ሁሉ ይዞባት ሄደ።

በሠልስቱ ቀን ሴትዮዋ እንደገና መጣች። ፈጠነች ከፍራሹ ተነሣች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ነይ» አለቻት፤ ይዛትም ከድንኳኑ ጀርባ፣ እልፍነሽ ሽሮ ከምታማስልበት ጎን ወሰደቻት። «ስምሽ ማነው?»

«ሙኒራ።»

«ሙኒራ፣ ጥር ሃያ አንድ ባሌ የሚያመሸው አንቺ ዘንድ ነበር። እንዳትዋሺኝ፤ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ።»

«እኔ ዘንድ ነበር፣ እትዬ።»

የእልፍነሽ ማማሰያ ቆመ።

«ምን ሊሠራ?»

«ሻይ ሊጠጣ።»

«ሻይ!»

«ወላሂ፣ ሻይ ብቻ።» ሙኒራ በሻርፗ ዓይኗን ጠረገች። «ያን ቀን ያጎረሰሽ ሥጋ የኛ የሙስሊሞች እርድ ነበር። ታፔላ የለን፣ ጨረቃ አልሳልን፤ እሱም ሳይጠይቅ አዘዘ። እናቴ ወጥ ቤት ስትሰግድ አየና ነው ክው ያለው። እጄን ይዞ “አደራሽን ሚስቴ እንዳትሰማ፤ ካወቀች አብራኝ አትኖርም” አለኝ።»

ፈጠነች የነጠላዋን ጫፍ ስባ አፏን ሸፈነች።

«ከዚያ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ፣ “የሷንም የኔንም እኔው ልጹም” አለ። ሰባት ቀን አዘዙት፤ ጾመ። እሱ ግን በዚያ አላበቃም። በየዓመቱ ቀኗን ይጾማትና ሲመሽ መጥቶ በኛ ሻይ ይፈታል። ብላ ብለው “እስከ ነገ እህል አልቀምስም” ብሎ እንቢ። “ዘንድሮ ነግሬያት ደህና ቤት ወስጄ እጋብዛታለሁ” ይላል። በዓመቱ ሲመጣ “ነገርካት?” እለዋለሁ። “ፊቷን አየሁና ተውኩት” ይለኛል።»

«እኔን ፈርቶ?»

«ፈርቶ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«እኔም እፈራሻለሁ» አለች እልፍነሽ ከድስቱ ላይ ቀና ሳትል።

ፈጠነች የማገዶው ክምር ላይ ተቀመጠች። ያ ለውሻ የተደፋ ድስት መጣባት። ቆሞ ያየው ሰውዬ ለካ ሆዱ ባዶ ነበር፤ ባዶውም ስለሷ ነበር። አንድ ቀን ፊቷን ፈታ ብታደርግለት ኖሮ ይነግራት ነበር። መቼ ፈታችው?

ከሞተ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ዘመድ ለምኗት፣ ቄስ ገሥጿት እንቢ ብላለች።

«እልፍነሽ፣ ሽሮ አውጪልኝ» አለች። «በአንድ ሳህን፤ ለሁለት።»

«ኧረ ፈጠነች… እሷ እኮ…»

«ሽሮ ነው። ሽሮን ማንም አላረደው።»

ሳህኑ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ፊት ለፊት ሆኑ። ፈጠነች እጇን አልሰደደችም፤ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ሙኒራን ታያታለች። ሙኒራ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እንጀራውን ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ጉርሻውን ወደ ፈጠነች ዘረጋች።

ፈጠነች ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችና አፏን ከፈተች።